መካኒኩ ጋ የምትደርሰው መኪና ሌላ ናት

ከሌሊቱ 11 ሰዓት። ታላቅ እህቴ ቁልፉን ታዞራለች። ሞተሩ ይነሳል፣ ሁለት ሰከንድ ያህል ይጮኻል፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የዙር መቁጠሪያው ቀስት 500 ላይ ይወርዳል፣ 1,000 ላይ ይወጣል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ኮፈኑ ይንቀጠቀጣል፣ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ እግሯን ከነዳጅ መስጫው ካነሳች ደግሞ ሞተሩ ይጠፋል። ስለዚህ አታነሳም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ግቢያችን ውስጥ እየረገጠች ታሞቃታለች።

ከማርሚታው ሁለት ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ የሰርቪስ ቤታችን መስኮት አለ። እዚያ የተከራዩት ባልና ሚስት የስምንት ወር ልጅ አላቸው። አንድ ቀን ጠዋት እናትየው በጣም በትህትና፣ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ፣ «ጭሱ ቤት ውስጥ ይገባብናል፣ ልጁን ያስለዋል፤ ካላስቸገርኳችሁ መኪናዋን በር ላይ አውጥታችሁ ብታሞቋት» አለችኝ። እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ የሚያሳስበኝ የእህቴ ወጪ ብቻ ነበር። አፈርኩ።

መኪናዋ ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ በፈረንጆቹ 2003 ሞዴል፣ 1.6 ሊትር ሞተር ያላት፣ ከአውሮፓ የገባች። እህቴ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ትሠራባታለች። ጥሩ ገንዘብ የሚገኘው ደግሞ ማለዳ፣ ወደ አየር ማረፊያ የሚሄድ ተሳፋሪ ሲኖር ነው። ጠዋት ጠዋት የማትታመን መኪና ይዞ ይህን ሥራ መሥራት ምን ማለት እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል። ጥሪ ትቀበላለህ፣ መኪናዋ መንገድ መሀል ትጠፋብሃለች፣ ተሳፋሪው ይሰርዛል።

ሦስት ጋራዥ ዞርን። የመጀመሪያው አራቱንም ካንዴላ ቀየረ። ሁለተኛው ሁለት ቦቢና ቀየረና «ኢንጀክተር ቆሽሿል» ብሎ አጠበ። ሦስተኛው የቤንዚን ፖምፓውን ከታንከሩ አውጥቶ ሌላ ገጠመ፤ እሱንም እኛው ሶማሌ ተራ ሄደን ነው የገዛነው። በድምሩ ከ20 ሺህ ብር በላይ ወጣ። የሚገርመው ነገር፣ ከሦስቱም ጋራዦች ስንወጣ መኪናዋ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነበር የምትሠራው። «በቃ ተስተካክላለች፣ በደስታ ንዱ» ተብለን፣ አመስግነን፣ ጉርሻ ጨምረን ወጣን። በማግስቱ 11 ሰዓት ላይ ያው መንቀጥቀጥ።

አሁን ነገሩ ሲገባኝ ሳቄ ይመጣል፤ ያኔ ግን አላሳቀኝም። እህቴ ጋራዥ የምትሄደው የማለዳ ሥራዋን ጨርሳ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት ሞተሩ አራት ሰዓት ሙሉ ሲሠራ ቆይቷል። ፍል ውሃ ነው። ሦስቱም መካኒኮች ያዩት፣ የሰሙት፣ የነኩት ሌላ መኪና ነበር። ሌሊት ሙሉ ስታስል አድራ ጠዋት ሐኪም ፊት ስትደርስ ጤነኛ የሆነች በሽተኛ አስቡ። ሐኪሙ እውነቱን ነው፣ ምንም አላየም። ግን ከሐኪሙ የሚለየው፣ መካኒኩ «ምንም አላየሁም፣ ነገ ጠዋት ቀዝቅዛ ልያት» ቢል የሚከፍለው ሰው የለም። ካንዴላ ቢቀይር ግን ይከፈለዋል።

የኔ ክርክር ይኼው ነው። ጠዋት ቀዝቅዞ ሲነሳ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ሞተር መፈተሽ ያለበት ጠዋት፣ ሳይነሳ በፊት ነው። እኛ ደግሞ ለዚያ ጠዋት መክፈል አለብን። ለዕቃ የምናወጣውን ገንዘብ ሩቡን ለምርመራ ብናወጣ ኖሮ እኛ ቤት ያለው አሮጌ ፖምፓ ዛሬም መኪናዋ ላይ ይሆን ነበር። (ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። ጤነኛ ነው። ማንም አልገዛኝም።)

መጀመሪያ ግን ቀዝቃዛ ሞተር ለምን የተለየ እንደሆነ እንነጋገር፤ ይህን ሳታውቁ ጋራዥ ከገባችሁ የተባላችሁትን ሁሉ ነው የምትገዙት።

ቤንዚን የሚቃጠለው ተን ሆኖ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሚረጨው ቤንዚን ግማሹ ተን ሳይሆን የቀዘቀዘው ብረት ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ሞተር ከሙቅ ሞተር የበለጠ ቤንዚንም የበለጠ አየርም ይፈልጋል። በአባቶቻችን ፊያት ላይ ይህን የሚያደርገው ሰው ነበር፤ ቾኩን በእጁ ይስባል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ይመልሰዋል። ኢንጀክሽን ያላት መኪና ላይ ሥራው ወደ ኮምፒውተሩ ተላልፏል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ዓይን የለውም። ሞተሩ መቀዝቀዙን የሚነግረው በራዲያተሩ ውሃ መንገድ ላይ ያለ የአውራ ጣት የምታክል የሙቀት ሴንሰር ናት። ምን ያህል አየር እንደገባ የሚነግረው ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ ያለ ሌላ ሴንሰር ነው። እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሱ ሚኒሞውን የሚይዘው ደግሞ አየር የምታሳልፍ ትንሽ ቫልቭ ናት፤ ሲቀዘቅዝ ሰፋ ብላ ትከፈታለች፣ ሲሞቅ ትጠባለች። በእኛ ዓይነት ኮሮላ ላይ ጤነኛ ከሆነ፣ ጠዋት ሲነሳ ቀስቱ ከ1,200 እስከ 1,500 አካባቢ ይሆንና፣ ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ቀስ ብሎ ወደ 700 ይወርዳል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ዋናው እሱ ነው። ማርሚታው መንገድ ላይ የኦክስጅን ሴንሰር አለ። ቃጠሎው አየር በዝቶበት እንደሆነ ወይም ቤንዚን በዝቶበት እንደሆነ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፣ ኮምፒውተሩም ያርማል። ነገር ግን ይህ ሴንሰር 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካልሞቀ አይናገርም። ስለዚህ ሞተሩ በተነሳባቸው የመጀመሪያ ጊዜያት ኮምፒውተሩ በግምት ነው የሚሠራው። የተሰነጠቀች ቱቦ ካለች፣ የቆሸሸ ቫልቭ ካለ፣ የሚያርመው የለም፤ ጉድለቱ ራቁቱን ይወጣል። ሲሞቅ ኮምፒውተሩ እየጨመረና እየቀነሰ ይሸፍነዋል። መካኒኩ 4 ሰዓት ላይ የሚያየው ይህንን የተሸፈነውን ነው።

በመጨረሻ ያዳነን አንድ ወጣት መካኒክ ነው። የምናውቀው ሰው ስልኩን ሰጠን። እህቴ ደውላ የተቀየረውን ሁሉ ዘረዘረችለት። ሰምቶ ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃት፤ «ስትሞቅስ?»

«ስትሞቅማ ምንም የላትም።»

«እንግዲያው እህቴ፣ ነገ ከእኔ በፊት እንዳታስነሻት። እኔ 12 ሰዓት እመጣለሁ። ለመምጣትና ለማየት ግን ታስከፍያለሽ እንዳትይኝ፣ አስከፍላለሁ።»

እህቴ ስልኩን ዘግታ «ለማየት ብቻ ብር?» ብላ ተቆጣች። የጠየቀው ከአንዱ ቦቢና ዋጋ ያንሳል። ቦቢናውን ስትገዛ እንዲህ አልተቆጣችም። እኔም አልተቆጣሁም። በእጃችን የምንይዘው ነገር ካልተሰጠን የተታለልን ይመስለናል መሰለኝ።

በማግስቱ መጣ። መፍቻ አልያዘም ማለት ይቻላል፤ ስልኩንና የክብሪት ቀፎ የምታክል የብሉቱዝ ስካነር ነው የያዘው። ከመሪው በታች ያለው ሶኬት ላይ ሰካት። ቁልፉን አዞረ፣ ሞተሩን ግን አላስነሳም። የመጀመሪያ ሥራው የሙቀት ሴንሰሩን ማንበብ ነበር፤ 11 ዲግሪ ይላል። ስልኩ ላይ የውጭውን አየር አየ፤ 10። «እሺ፣ ይቺ አትዋሽም» አለ። ሌሊቱን ሙሉ የቆመ ሞተርና የውጭው አየር አንድ ዓይነት ሙቀት ሊኖራቸው ይገባል። ሴንሰሯ 50 ብትል ኖሮ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ሞቋል ብሎ ቤንዚን ይቀንሳል፣ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል። ከዜሮ በታች 40 ብትል ደግሞ ሽቦው ተቆርጧል ወይም ሶኬቱ ወልቋል ማለት ነው። ይህን ምርመራ ማንም ስልክ ያለው ሰው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይሠራዋል። እኛ አምስት ወር ሙሉ አልሠራነውም።

ቀጥሎ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ፖምፓውን ለብቻው አሠራው። ግፊት እንዲሞላ ነው። ከዚያ አስነሳ። ያው ተንቀጠቀጠች። «ቤንዚን ሌሊት እየወረደ ቢሆን ኖሮ አሁን ለውጥ ነበራት፤ ፖምፓውን በከንቱ ነው የቀየራችሁት» አለ። እህቴ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ሰማይ አየሁ።

ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ ጆሮውን ሰጠ። በውሃ መርጫ ጠርሙስ የአየር ማስገቢያው ጎማዎች ላይ ቀስ እያለ እርጥበት ነፋ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ከሞተሩ ራስ ወደ አየር ማስገቢያው የምትሄድ፣ የዘይት ጭስ የምትመልስ ቱቦ አለች፤ ከታጠፈችበት በታች በኩል፣ ከላይ በማይታይ ቦታ፣ ተሰንጥቃለች። ጎማው ጠዋት ሲደርቅ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ይለሰልስና ይጠባል። (አንዳንዱ ይህን ምርመራ በቤንዚን ወይም በሚቀጣጠል ስፕሬይ ያደርገዋል። እባካችሁ አታድርጉት፤ ሞተር የሚሠራበት ቦታ ላይ ብልጭታ አይጠፋም። በውሃም ቢሆን ወደ ሽቦና ቦቢና አትርጩ።)

የሚኒሞዋን ቫልቭ ፈታ። ውስጧ በካርቦን ጠቁሮ፣ አየር ማሳለፊያው ከግማሽ በላይ ተደፍኗል። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምንኖር አየራችን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ያንኑ ያህል አየር ለማስገባት ቫልቫችን የበለጠ መከፈት አለባት። ስትደፈን ታዲያ እኛ ጋ ቶሎ ይታወቃል።

አንድ ሌላ ነገርም አገኘ። የአየር መዝጊያው ጎን ያለችውን ብሎን አንድ ሰው አጥብቋታል። ይቺ ብሎን ከፋብሪካ ተስተካክላ የምትመጣና መነካት የሌለባት ናት፤ ነገር ግን ከካርቡራተር ዘመን የመጣ መካኒክ እጁ ወደ እሷ ይሄዳል። ሚኒሞ ሲወርድ ብሎን ታጠብቃለህ፣ ቀስቱ ይወጣል፣ ደንበኛው ይደሰታል። እህቴ ያስታወሰችው ያኔ ነው፤ ከሁለተኛው ጋራዥ ወዲህ መኪናዋ ስትሞቅ 1,100 ላይ ነበር የምትቆመው። በሽታው አልዳነም፣ ላዩ ላይ ሌላ ተደረበበት።

ቱቦዋን ቀየረ፣ ቫልቯንና የአየር መዝጊያውን አጠበ፣ ብሎኗን መለሰ። ባትሪውን ነቅሎ ኮምፒውተሩ የድሮ ግምቱን እንዲረሳ አደረገ፣ ከዚያ አስነስቶ ምንም ሳይረግጥ እስክትሞቅ ተወው። ከሥራው በፊት ስካነሩ ላይ ኮምፒውተሩ የአየሩን ትርፍ ለማካካስ 14 በመቶ ተጨማሪ ቤንዚን እየጨመረ እንደነበር አሳይቶናል። ከሁለት ቀን መንዳት በኋላ 3 ሆነ። የዕቃው ወጪ? አንዲት ቱቦ፣ ሁለት ማሰሪያና አንድ ጣሳ ማጠቢያ።

እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ መስሎን ቡና ቀረበ። እሱ ግን ስልኩን እያየ «ይቺ መኪና ለምን አትሞቅም?» አለ። ግማሽ ሰዓት ሠርታ 60 ዲግሪ አካባቢ ናት። ቧንቧውን ፈትቶ አሳየን፤ ቴርሞስታቱ የለም። ከእኛ በፊት የነበረው ባለቤት ጊዜ ይሁን በእኛ ጊዜ፣ አንድ ጋራዥ አውጥቶ ጥሎታል።

ይህን ጉዳይ በቀላሉ ላልፈው አልችልም። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋ በር ነው። በቶዮታ 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይከፈታል። «ለአገራችን አየር አይሆንም»፣ «መኪና ያፈላል»፣ «ይውጣ» ሲባል ስንቴ ሰምታችኋል? መኪና የሚያፈላው ግን ብዙ ጊዜ ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ስለምንሞላበት፣ ራዲያተሩ በዝገት ስለሚደፈን፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ስላቆመ ነው። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ይዞ ያንን ከፍ ካላደረገው መኪናው ቢያፈላ ምን ይገርማል? የክዳን ችግር ላይ ቴርሞስታት ማውጣት ትኩሳት ያለበትን ሰው ልብሱን አውልቆ ደጅ ማሳደር ነው። ትኩሳቱ ይወርድ ይሆናል።

ቴርሞስታት የሌለው ሞተር እንደቀዘቀዘ ይቆያል፤ ኮምፒውተሩ ገና ጠዋት ነው ብሎ ቤንዚን ማብዛቱን ይቀጥላል። ያልተቃጠለው ቤንዚን ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ካንዴላውን ያጠቁረዋል። እህቴ በየቀኑ ቤንዚን ማደያ የምታፈሰው ገንዘብ ትንሽ የማይባል ክፍል በዚያች ባዶ ቀዳዳ ይወጣ ነበር። ከማርሚታው የሚወጣው ደግሞ፣ በተለይ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። የሚሸታችሁ ሌላው ነው፤ የሚገድለው አይሸትም። የተዘጋ ግቢ ውስጥ፣ መስኮት ሥር፣ ሃያ ደቂቃ። ያንን ልጅ ሳስብ ዛሬም ሆዴ ይላወሳል።

«አሮጌ መኪና ጥሎ አዲስ መግዛት ነው» የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። በየትኛው ገንዘብ እንደሆነ ግን አይነግረኝም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ውሳኔው ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ለሌላ ቀን ላቆየው። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፤ አሁን በእጃችን ያሉት የቤንዚን መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ይሸጋገራሉ። ብዙዎቻችሁ በሕይወታችሁ የምትገዙት የመጀመሪያ መኪና ከእናንተ ጋር እኩያ ነው የሚሆነው።

እናም ስልካችሁን ተጠቀሙበት። ጠዋት ከማስነሳታችሁ በፊት ካሜራውን ክሩስኮቱ ላይ አድርጉና ቅረጹ፤ ቀስቱ ይታይ፣ ድምፁ ይሰማ፣ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ለመካኒኩ በቃል «ይንቀጠቀጣል» ከማለት ያንን ቪዲዮ ማሳየት ይበልጣል። ስካነር መግዛት ካልቻላችሁ ለሦስት ለአራት ሆናችሁ ግዙ። በፈረንጆቹ ከ2001 ወዲህ ለአውሮፓ የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ሶኬቱ አላቸው፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የድሮ ቪትዞች ላይ ግን ርካሹ ስካነር እንቢ ሊላችሁ ስለሚችል ከመግዛታችሁ በፊት ተውሳችሁ ሞክሩ። ስካነር ራሱ ፈራጅ አይደለም ደግሞ። «አየር በዝቷል» የሚል ኮድ ካወጣ «የኦክስጅን ሴንሰር ቀይር» ማለቱ አይደለም፤ ሴንሰሩ ያየውን ነው የተናገረው። እውነት የተናገረውን ምስክር አባርሮ ሌላ ምስክር መግዛት የተለመደ ስለሆነ ነው የምላችሁ።

ጋራዥ ደግሞ ማታ አድርሱና ቁልፉን ሰጥታችሁ ሂዱ። «ጠዋት ሳትነሳ ይዩልኝ፣ ለማየቱም እከፍላለሁ» በሉ። አንዳንዱ ጋራዥ ግራ ይገባዋል፤ ግራ ያልገባውን ያዙት። የተነቀለውን ዕቃ መልሱልኝ ማለትም አትፍሩ። ልምድ ያላቸው መካኒኮች ይህን ሳነብላቸው ተቆጥተው «ደንበኛው ራሱ ነው ቶሎ በል የሚለን» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እህቴም ሦስቱንም ጋራዥ «ለምሳ ሰዓት ይድረስልኝ» ነበር ያለችው።

ቴርሞስታቱ ተገጠመ፣ የራዲያተሩ ክዳን ተቀየረ፣ ዝገቱ ታጥቦ ኩላንት ገባ። በመጀመሪያው ሳምንት ራዲያተሩ ከታች አንድ ቦታ ማንጠባጠብ ጀመረ፤ ለካ ዝገቱ ነበር ቀዳዳውን ደፍኖ የያዘው። እሱን ለመበየድ ሌላ ወጪ ወጣ፣ እህቴም «ያንተ ምርመራ» እያለች ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። አሁን መኪናዋን ማታ ማታ አፍንጫዋን ወደ አጥሩ፣ ማርሚታዋን ወደ በሩ አድርጋ ታቆማታለች። ጠዋት በሩን ትከፍታለች፣ ታስነሳለች፣ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ኋላ እያለች ትወጣለች። ባለፈው እሁድ የልጁ እናት ደረጃው ላይ አግኝታኝ፣ እህቴ ሥራ ትታ እንደሆነ ጠየቀችኝ።